ለቀይዋ መብራት «አቤት!»

እሺ፣ እሺ፣ ጸጥታ! ማቲዎስ፣ ሳምቡሳውን አስቀምጥና ስማ፤ ያንተም ስም ይነሳል።

ጋሽ እምሩ፣ እትዬ ወይኒ፣ አለቃችን አቶ ተስፋሁን፣ ባልደረቦቼ! የዛሬውን የጡረታ ሽኝት ንግግር ለእኔ ለዙህራ የሰጣችሁኝ አንደበት ስላለኝ አይደለም፤ አውቃችኋለሁ። የጥገና ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጬ የተበላሸ ዕቃ ስቀበል ስለኖርኩ፣ የጋሽ እምሩን ጀርባ ከማንም በላይ ስለማውቀው ነው። ትናንት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። «ጋሼ፣ የጆሮዎን ነገር ላንሳው ወይስ ልተወው?» አልኳቸው። «አንሺው እንጂ! ምን ቸገረኝ፣ እኔ እንደሆን አልሰማሽም» አሉኝ።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። ሰውዬው በአንድ እጃቸው የጠረጴዛ ቬንትሌተር፣ በሌላው ካርቶን ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ። እኔ ቀና ብዬም አላየኋቸው። «ችግሩ ምንድነው?» አልኩ። «ዝውውር ነው» አሉ በትህትና። ምን ልወቅ! ቬንትሌተሩ ላይ ወረቀት አሰርኩና «አይዞርም» ብዬ ጻፍኩበት። «አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፤ ሲደርስዎ እንጠራዎታለን» አልኳቸው። ተቀመጡ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ። መስኮቱን ልዘጋ ስል «የኔ እመቤት፣ እኔ እንኳ ከሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሬ የመጣሁ ሠራተኛ ነኝ። ቬንትሌተሩም የራሴ ነው፤ ደህና አድርጎ ይዞራል» አሉኝ። «ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሲደርስዎ እንጠራዎታለን ስላልሽኝ!»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው የመጣብን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካቻቢቴው ጆሯቸው ላይ ተሰክቶ ካቻቢቴ ፍለጋ ቢሮውን ያተራምሳሉ። የትኛውም ዕቃ ተከፍቶ ሲታይ ምርመራው አንድ ነው፦ «ይሄን የሰው እጅ ነክቶታል!» ጋሼ፣ የማን እጅ እንዲነካው ፈልገው ነበር? ዕቃውን ገጥመው ሲጨርሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋል። «ይሄስ?» ስንላቸው «ፋብሪካው ሲሠራው አብዝቶበት ነው» ይሉና መሳቢያቸው ውስጥ ይጥሉታል። ያቺ መሳቢያ ዛሬ ብትገጣጠም አንድ የከተማ አውቶቡስ ይወጣታል።

አቶ ተስፋሁን አይሳቁ፤ የእርስዎ ወንበር የሚነቃነቀው በእሷ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጆሮው እንምጣ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ የታክሲ ረዳት ሲጮህ የእኛ ቢሮ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጋሽ እምሩ ግን ቀስ በቀስ ረዳቱንም፣ መስታወቱንም፣ እኔንም መስማት ተዉ። ፊት ለፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ለሚያናግራቸው አፍ አፉን እያዩ ይመልሳሉ፤ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ያቀረቀሩ እንደሆነ ግን በቃ። «ጋሽ እምሩ!» ዝም። «ጋሽ እምሩ!» ዝም። ባለጉዳዩ ይቆጣል። አገራችን ነው፤ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ሰው ወይ ኩሩ ነው ወይ ባለጌ ነው። አልሰማም ብሎ የሚያስብ የለም። እኔ ወረቀት እየጨበጥኩ እወረውርባቸው ጀመር። አንድ ቀን ኢላማዬ ሳተና ወረቀቱ ሻያቸው ውስጥ ገባ። ጋሼ ጣራውን ቀና ብለው አዩና «ይሄ ሕንፃ መፍረሱ ነው» አሉ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ከፋ። «ሰውዬው ባለጉዳይ ይንቃሉ» የሚል አቤቱታ በዛ። አቶ ተስፋሁንም ቢጨንቃቸው «እስከ ጡረታቸው ምድር ቤት፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ይያዙ» ብለው ወሰኑ። ምድር ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ እግር ከሌላቸው ወንበሮች በቀር የሚያነጋግር የለም። ጋሽ እምሩ ካቻቢቴዎቻቸውን አንድ በአንድ እየወለወሉ በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። እኔ ያን ቀን እንባዬ መጣ፤ አሁን ብናገረው ምንም አይደለም።

ግን ደግሞ እሳቸው ናቸው መላውን ያመጡት። «ዙህሬ፣ ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ምን ሆነ? ስትፈልጊኝ መብራት ብታበሪልኝስ?» አሉኝ። ለማቲዎስ ነገርነው። ማቲዎስ ከኮምፒውተር ክፍል የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰማያዊ ሰሌዳ ይዞልን መጣ። ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች አለን። በዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተሬ ላይ ትሰካለች፤ እኔ ያዘዝኳትን እሷ ለመብራቷ ታዛለች። «መጀመሪያ አንዲት መብራት ማብራትና ማጥፋት ነው። ዓለም ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው» አለን። እኛም ከዓለም ጋር ጀመርን።

ገመዱን ጋሽ እምሩ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከመንገድ ዳር ገዝተው መጡ። ሰካነው። ሰሌዳዋ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች፤ እኛም በደስታ ተጨባበጥን። ኮምፒውተሩ ግን በእንግሊዝኛ አጉረመረመ። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ወደብ አላገኘሁም ይላል።»

«እሱም?!» አሉ።

ነቅለን ሰካን፤ አጥፍተን አበራን፤ ኮምፒውተሩ ከሰሌዳዋ ጋር የሚገናኝበት ወደብ የለም። በኋላ ማቲዎስ መጣና ገመዱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «ይሄ እኮ ለቻርጅ ብቻ የሚሆን ነው። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል እንጂ መልእክት አያሳልፍም» አለ። ጋሽ እምሩ ገመዱን በትዝብት አዩት። «ይበላል እንጂ አይናገርም በለኛ!» በስብሰባ ላይ ቆሎውን ጨርሶ ሐሳብ የማይሰጥ ሰው በዚህ መሥሪያ ቤት «ቻርጅ ገመድ» የሚባለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ስም አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ደህና ገመድ ሲገኝ ደግሞ እኔ ተቻኮልኩ። ሬዚስተር የምትባለውን ትንሽ ዕቃ ሳላስገባ መብራቷን አገናኘኋት። አንዴ ብልጭ አለችና ጠቆረች፤ ነፍሷን ይማር። እኔ ደነገጥኩ። ጋሼ ሌላ አወጡና «አይዞሽ፣ ዓለም በአንዴ በዝቶባት ነው» አሉኝ። «ግን ይቺ ሬዚስተር ሥራዋ ምንድነው?» ስላቸው «እንደ ሚስቴ እንደ ወይኒ ናት። ሲበዛብህ ቀስ በል የምትል። እሷ ባትኖር እኔም ይሄኔ ጠቁሬያለሁ» አሉ። እትዬ ወይኒ፣ ቤት ውስጥ ይሄን ብለውዎት አያውቁም አይደል? በሉ አሁን ይስሙት።

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ማቲዎስ ጥቂት መስመሮች ሰጠንና «በየመስመሩ መጨረሻ ድርብ ሰረዝ እንዳትረሱ!» ብሎን ስብሰባ ሄደ። እኔ ታዛዥ ነኝ። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ስደርስ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ እመልስና ጥርት ያለች የራሳችንን ድርብ ሰረዝ አስቀምጣለሁ። ተመልሼ እንግሊዝኛ። እንደገና አማርኛ። ጋሽ እምሩ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ ላይ እያዩ ያርማሉ። «የመጨረሻዋ ላይ ግን አራት ነጥብ ነው የሚገባው። ሐሳቡ አልቋል እኮ!» እውነታቸውን ነው ብዬ አራት ነጥብ አደረግኩ። ላክነው። ኮምፒውተሩ ቀይ በቀይ ሆነ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንኩ አለ?»

«የማላውቀው ፊደል አየሁ ይላል።»

«ፊደል ካልቆጠረ እኛ ምን እናድርገው!»

ማቲዎስ ከስብሰባ ሲመለስ እኛ አሁንም እዚያው ነን። ስክሪኑን አየ፤ ጠጋ ብሎ አየ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «እኔ ያልኳችሁ የእንግሊዝኛውን ነው!» ጋሽ እምሩ ተቆጡ። «ታዲያ ሴሚኮሎን አትልም? ስንት ዘመኔ አንድ ቀን አጥርቼ ብሰማ እሱኑም ጉድ አደረግከኝ!»

አስተካከልነው። መብራቷ በራች። ጠፋች። በራች። ጠፋች። ጋሽ እምሩ አጨበጨቡ። «መጣ! ... ሄደ! ... መጣ! ... ሄደ! ዙህሬ፣ ይሄማ የዶሮ ማነቂያ መብራት ነው፤ የሰፈሬን ቆጣሪ ነው የሠራሽው!» አሉኝ።

በመጨረሻ ሰሌዳዋ እኔ ዘንድ ቀረች፤ ከእሷ የወጣው ቀጭን ሽቦ በግድግዳው ጥግ ሄዶ መብራቷ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተተከለች። አንድ ቁጥርን ስጫን ትበራለች፤ ዜሮን ስጫን ትጠፋለች። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እሳቸው እንደ ልማዳቸው አቀርቅረዋል። አንድን ተጫንኩ። ቀይ ቦግ አለ። ጋሽ እምሩ ወደኔም አልዞሩ፣ ወደ ሰውም አልዞሩ፤ መብራቷን ቀጥ ብለው እያዩ በሙሉ ድምፃቸው «አቤት!» አሏት።

እኔ በደስታ ዜሮን መጫን ረሳሁ። እሷ አትጠፋም፣ እሳቸው አያቆሙም። «አቤት! ... አቤት! ... ኧረ አቤት አልኩ!»

በሳምንቱ አቶ ተስፋሁን የምድር ቤቱን ነገር ሊጨርሱ መጡ። በሩ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሽ እምሩ» አሉ። እኔ ከባንኮኒው ሥር አንድን ተጫንኩ። ጋሼ ዞረው «አቤት ጌታዬ!» አሉ። አቶ ተስፋሁን አፋቸው ተከፈተ። «ጆሮዎ ተሻለዎት እንዴ?» ጋሽ እምሩ መዋሸት ይችሉ ነበር። አልዋሹም። «ኧረ ጆሮዬስ እንደ ነበረ ነው። ልጆቹ ዓይኔ ላይ ጆሮ ገጠሙልኝ እንጂ» ብለው መብራቷን አሳዩዋቸው። አቶ ተስፋሁን፣ እርስዎም ያኔ «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብለው ወደ ኮምፒውተሬ መጡና ተጫኑ። «አቤት!» እንደገና ተጫኑ። «አቤት!» ምድር ቤቱ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ስለዚህ አመሰግንዎታለሁ፤ ግን ከኪቦርዴ ላይ አንድ ቁጥሩን የፋቁት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ እምሩ፣ ይሄን ግን ሳልቀልድ ልንገርዎት። እኔ ያን ጊዜ ድረስ ሥራዬ «ይሰራል፣ አይሰራም» ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለተማረ ሰው እንጂ ለእኔ ነው ብዬ አላውቅም። መብራት ሳቃጥል አልተቆጡኝም። ኮምፒውተሩ ሲሰድበን አብረው ተሰደቡ። በዚያ ዕድሜ «አልሰማም፣ አላውቅም፣ አሳዩኝ» ማለት ከባድ ነው፤ እርስዎ ግን እየሳቁ አደረጉት፤ እኔም ማፈሬን ተውኩ። ዛሬ ቤቴ ውስጥ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ራሴ የማበራቸውና የማጠፋቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሁሉም የእርስዎ ናቸው። አመሰግናለሁ። እወድዎታለሁም።

ሰሌዳዋን ዛሬ ከነመብራቷ ይዘዋት ይሄዳሉ። ማቲዎስ ያለ ኮምፒውተር እንድትሠራ አድርጎ የሚጫኑት ቁልፍ አበጅቶላታል፤ ቁልፉም በእትዬ ወይኒ እጅ ነው። እትዬ፣ ማጥፋቱን አይርሱ፤ ሲጮሁ ያድራሉ። ሰኞ ጠዋት የእኔ ጣት ወደ አንድ ቁጥር መሄዱ አይቀርም። ቀና የሚል ሰው አይኖርም። እሱን እንዴት እንደምለምደው አላውቅም።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ እኔም ለስላሳዬን። ገና አትጠጡ! ጋሽ እምሩ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። ጧሪ አይጡ። ዓይንዎ እንዲህ እንደ በራ ይቆይልን። የሚተርፍዎት ብሎን ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ቀርቶብኛል። ያን ቀን አግዳሚ ላይ አስቀምጬ «ሲደርስዎ እንጠራዎታለን» ብዬዎት ሳልጠራዎት ቀረሁ። እነሆ ደረሰዎት። እትዬ ወይኒ፣ ቁልፉን አንዴ ያውሱኝ።

ጋሽ እምሩ...

ሰማችሁ? አሁንም «አቤት» አሉ! ለጤናቸው!