ሰባተኛዋ ቀሪ

አቶ በየነ ልብስ ሰፊ ናቸው። ካርቱም ከገቡ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ማዮ ሰፈር ያሉት ኢትዮጵያውያን የዕድር ሊቀ መንበር አድርገው ከመረጧቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያከብራቸዋል፤ ጥቂትም ይፈራቸዋል። ዐረብኛን አገሬው እስኪደነቅ ድረስ ይናገሩታል፤ ፊደሉን ግን አንድም አያውቁም።

በ፲፱፻፺፭ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራውን ወይዘሮ ሰርክአዲስን በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሩ ታክሲ፣ አሳፍረው የመኖሪያ ፈቃዷን ሊያሳድሱላት ሲሄዱ፣ ዐማራት ሰፈር ላይ መንገድ ተዘጋጋ። በዚያው ቅጽበት ናስራ ከአውቶቡስ ስትወርድ አዩአት። ናስራ የሟቹ የጂብሪል ልጅ፣ የመድኃኒት ቅመማ ተማሪ፣ ከዕድሩ ልጆችም ዩኒቨርሲቲ የደረሰች ብቸኛዋ ናት።

«እሰይ! እግዜር ነው ያገናኘን። ልንፈልግሽ አክስትሽ ቤት መሄዳችን ነበር። ያላ፣ ግቢ! ይህን የመንግሥት ደብዳቤ የሚያነብልን አጥተናል።»

«እንዴት አደሩ ጋሼ በየነ? እትዬ ሰርክአዲስ፣ ደኅና ነሽ? ዛሬስ አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

አቶ በየነ ከዚህች ልጅ አፍ «አልችልም» የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም ነበርና ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን ገጥሞሽ ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ የላቦራቶሪ ትምህርት አለኝ። በመንፈቅ ዓመቱ ሃያ አራት ጊዜ ይሰጣል። ከሩቡ በላይ የቀረ ተማሪ ፈተና አይቀመጥም። እኔ ስድስቴ ቀርቻለሁ፤ ዛሬ ብቀር ሰባት ይሆናል። ፈተና ያልተቀመጠ ዓመቱን ይደግማል፤ እኔ ደግሞ አምና ስለ ደገምሁ ደንቡ ሁለተኛ አይፈቅድልኝም። ሐላስ፣ በቃ፣ መባረር ነው።»

«ስድስቴ! ምን ስትሠሪ?» አሉ ሽማግሌው በቁጣ።

ናስራ በጣቷ ቆጠረች። «አንዱን ቀን የሳዲቅን ሚስት ሐኪም ቤት ይዤ። ሁለቱን የኢሳ ልጅ የልደት ወረቀት ሲወጣ። አንዱን ሬሕማን ፖሊስ ሲጠራት። ሁለቱን ደግሞ ከእርስዎ ጋር፤ የሱቅዎ ፈቃድ ሲታደስ።»

ወገን መርዳት ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ረዳቱን እስኪወድቅ ድረስ የሚያስጎነብስ ማኅበር ራሱን ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም። አቶ በየነ ይህን ገና አላሰቡትም፤ የሱቁ ነገር ግን ትንሽ ቆነጠጣቸው።

«አየሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጭንቅላትሽ ብሩህ ነው። ፈተናውን ታልፊዋለሽ። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው መቁጠር ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

«ጋሼ፣ የደም ግፊት ክኒን ይውጣሉ አይደል? እዚያ የምንማረው እሱን መመጠን ነው። ደብተር ተውሼ ላነብ እችላለሁ፤ እጄ ግን ሚዛኑን የሚለምደው እኔ ስኖር ብቻ ነው። ከቀረሁባቸው ቀኖች በየትኛው የእርስዎን ክኒን እንዳስተማሩ አላውቅም።»

ሰርክአዲስ ከረክሻው ውስጥ ሳቀች። «ኧረ ጋሽ በየነ፣ የእርስዎ ክኒን ተራው ዛሬ እንዳይሆን!»

«አንቺ ዝም በይ! ያንቺው ጉዳይ ነው ያንከራተተን» አሏትና ወደ ናስራ ዞሩ። «ሉጥፊያ የምትባል ባልንጀራ አለችሽ አይደል? በስምሽ ትፈርምልሽ። አንዲት ፊርማ ናት።»

ናስራ መጽሐፎቿን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አምና ምንዳዬን በሞላ ጉባኤ አቁመው የገሠጹት ለምን ነበር?»

ነገሩን ሽማግሌው አልረሱትም። ምንዳዬ ከቀብር ቀርቶ፣ ስም ሲጠራ ወንድሙ «አቤት» ብሎለት ነበር።

«እኔም ነበርሁ» አለች ናስራ። «‹ዛሬ አንዱን ብምር ነገ ሬሳ የሚሸከም አጣለሁ› ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ፤ ልክም ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎችስ ዛሬ አንዷን ቢምሩ ነገ መድኃኒት የሚመዝነው ማነው? የእርስዎ ደንብ ደንብ ሆኖ የእነሱ ጨዋታ ሊሆን ነው?»

«አፍሽ እንደ አባትሽ ነው» አሉ አቶ በየነ፤ ቁጣቸው ግን በርዷል። «ታዲያ ይህችን ሴት ምን ላድርጋት? እመቤቷ የለቀቀቻት ለዛሬ ብቻ ነው።»

«ደብዳቤውን ይስጡኝ።» ቆማ አነበበችው። «ሦስት ነገር ነው የጠየቁት፦ ፓስፖርት፣ ሁለት ፎቶግራፍ፣ የአሠሪዋ ደብዳቤ። ሁሉም እጇ ላይ ነው። ፎርም የሚሞሉ ጸሐፊዎች ከቢሮው በር አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። የጻፉትን ጮክ ብለው ያንብቡልዎ፤ ስሕተት ካለ በጆሮዎ ይይዙታል።»

«ጉዳያችንን ለባዕድ አንሰጥም ብለን እኮ ነው፤ የራሳችን ልጅ እያለች!»

«የራሳችሁ ልጅ ከሆንሁ አስመርቁኝ! ብባረር የሰው ወረቀት ተሸክሜ ስዞር እኖራለሁ፤ ብመረቅ የመድኃኒት ባለሙያ ይኖራችኋል። ዓርብ ደግሞ ነፃ ነኝ። ልጆቹም ትልልቆቹም ይምጡ፤ ዐረብኛ ማንበብ አስተምራለሁ። ከእንግዲህ ግን በትምህርት ሰዓት እናቴም ብትጠራኝ አልመጣም።»

አቶ በየነ ሰዓታቸውን አዩ፤ ለአራት ሃያ ጉዳይ ነበር። ወደ ባለረክሻው ጎንበስ ብለው፣ «መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው! ቶሎ በል!» አሉት።

ናስራ በሰዓቱ ገባች። ከቢሮው በር ላይ ደግሞ ጸሐፊው የጻፈውን ሲያነብ፣ የሰርክአዲስን ዕድሜ ዐሥር ዓመት ጨምሮበት ኖሮ አቶ በየነ «ቁም!» ብለው አሳረሙት። «አሠሪዬ እንኳ እንዲህ አላስረጀችኝም» አለች ሰርክአዲስ። ከቀትር በፊት ጉዳዩ አለቀ፤ ያለ ናስራ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አቶ በየነ ተነሥተው፣ ናስራን በትምህርት ቀን ለጉዳይ የሚጠራ ሁሉ ከቀብር እንደ ቀረ ሰው እንደሚቆጠር አስታወቁ። ሳዲቅ አጉረመረመ።

«እና ወረቀታችንን ማን ያንብብልን?»

«እኛ!» አሉ አቶ በየነ። «በዚህ ዕድሜዬ ዓርብ ከልጆቹ ጋር የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

ተቀመጡም። በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ፊደል ለየ። ሬሕማ የሥራ ውሏን ራሷ አንብባ፣ የዕረፍት ቀን እንዳልተጻፈላት ደርሳበት አስጻፈች። የሳዲቅ ልጅ እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ የሚሄድ ሆነ። ደንብን ማክበር ነፃነትን የሚነጥቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የማዮ ሰዎች ግን አንዲት ተማሪ ለደንብ በመገዛቷ ሁሉም ከሰው እጅ ጠባቂነት መውጣት ጀመሩ።

በግንቦት ወር ዩኒቨርሲቲው ፈተና የተከለከሉትን ተማሪዎች ስም በር ላይ ለጠፈ። አቶ በየነ ማንንም ሳይጠይቁ ብቻቸውን ሄዱ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አሥራ አራቱን ስም አንድ በአንድ አነበቡ። ዘበኛው አዝኖላቸው ኖሮ፣ «ያ ሐጅ፣ አባቴ፣ ልጅዎን አጧት?» አላቸው።

«አዎን፣ አጣኋት!» አሉ አቶ በየነ፤ ደስታቸው ግን ከፊታቸው ሞልቶ ይፈስ ነበር።