ሁለት ገጽ በሁለት ቃል

ከሀና ማርያም ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ደብተር ገልጠው በለሆሳስ እንግሊዝኛ ያነባሉ። አጠገባቸው ያለችው ወጣት አላስቻላትም።

«እማማ፣ እየተማሩ ነው እንዴ?»

«ቃል እየለቀምኩ ነው የኔ ልጅ። ከባለቤቴ የሕክምና ወረቀት ላይ።»

«ስንት ደረሱ?»

«ሁለት መቶ አስራ አንድ። በሳምንት አምስት እይዛለሁ።»

«ኧረ እርስዎስ ጉድ ነዎት! የሚያነብልዎት ሰው የለም?»

«ወንዱ ልጄ ነበር የሚያነብልኝ። ክፉ ክፉውን ቃል እየዘለለ መሆኑን ስነቃበት ደብተር ገዛሁ።»

«እንዴት ነቁበት?»

«ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። እሱ ‹ደህና ነው› ብሎ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።»

ወጣቷ ሳቀች።

«አሁን ወዴት ነዎት?»

«የምርመራ ውጤቱን ልቀበል።»

«አብሬዎት ልውረድና እኔ ላንብብልዎት?»

«ተባረኪ። ግን ፊትሽን ሳየው ሆደ ቡቡ ነሽ፤ አንቺም መዝለልሽ አይቀርም።»

ደብተራቸውን አጥፈው «ወራጅ አለ!» አሉ።

እኔ ባለፈው ለእናቴ ወረቀቷን ሳነብላት የዘለልኳት አንዲት ቃል ትዝ አለችኝ።