ተበልቶ ያለቀ ቀለብ

አባት ስንት ዓመት ጠፍቶ በገዛ እግሩ ሲመለስ፣ «እንኳን መጣህ» ሳይባል «ዕዳህን ክፈል» ቢባል ዳግመኛ ይመጣል ወይስ በዚያው ይቀራል? በዚህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር ተሟግቼ መልስ አጥቻለሁ። ያየሁትን ግን ልጽፈው አሰብኩ። እንደኔ የምትጨነቅ እናት፣ እንደኔም የምትሳሳት አያት ብትኖር ትማርበት ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ነው። የደም ግፊቴን ልለካ ሄጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ሳለሁ፣ አንድ ዓይኑን በነጭ ፋሻ የሸፈነ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዞር ብዬ ባየው የቀድሞ አማቼ ነው፤ አናጢው። ልጄን አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ከወለደ በኋላ፣ ልጅቷ ገና ፊደል ሳትለይ ተፋቱ። ፍርድ ቤት በየወሩ ለልጁ ቀለብ እንዲቆርጥ ፈረደበት። ጥቂት ጊዜ ከፈለ፤ ከዚያ አንዱን ወር ዘለለ፣ ሌላውን ረሳ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። አንድ ቀንማ እኔን ሽሽት የሴቶች ፀጉር ቤት ገብቶ፣ ከሴቶቹ መሃል ወረፋ ሲጠብቅ በመስታወቱ አይቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ግን አልሸሸም። «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። የመጋዝ ብናኝ ዓይኑን እንደጎዳው፣ ለጊዜው ሥራ እንዳይሠራ ሐኪም እንደከለከለው ነገረኝ። ይልቅ ከዓይኑ የበለጠ የሚያቃጥለው ሌላ ነገር ነበር። ለአንድ ባለ ሆቴል የመኝታ ክፍል በሮች ሠርቶለት፣ ሰውዬው ግማሹን ከፍሎ ግማሹን ካስቀረ ቆይቷል። በጠየቀው ቁጥር «በሮቹ እኮ አርጅተዋል፤ ለአሮጌ በር ማን ይከፍላል?» እያለ ያሾፍበታል። እኔም ተናደድኩ።

«ያረጁት እሱ ሲከፍት ሲዘጋ አይደል እንዴ? አትተወው የኔ ልጅ፤ ላብህ ነው» አልኩት።

ምክር መስጠት ድሮም አይከብደኝም።

ስለ ልጁ ጠየቀኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንደሆነ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ባለፈው ወር መሙላቱን ስነግረው ፊቱ በራ። «እንግዲያማ ከአሁን በኋላ ፊት ለፊት እንተያያለን» አለ። «ከአሁን በኋላ» ማለቱን ልብ አላልኩትም። ደስታ ጆሮ ይደፍናል። ሐሙስ ምሳ እንዲመጣ ጋበዝኩት።

«ያ በር ዛሬም ወለሉን ይፍቃል?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንደተውከው ነው።»

«መጥቼ አስተካክለዋለሁ። በር ለመግጠም አንድ ዓይን ይበቃል።»

የቤታችን በር ከማጠፊያው ወርዶ ወለሉን እየፋቀ ሲከፈት እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ጎረቤት ሁሉ ይስቅበታል። እኔ ግን ለምጄዋለሁ፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ከአልጋዬ ሳልነሣ እለያለሁ። ልጄ ስትገባ በቀስታ ያቃስታል፤ የልጅ ልጄ ስትገባ ይጮኻል።

እቤት ስደርስ ልጄ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የፊተኛው ክፍል በሰማያዊ ጨርቅ ይሞላና እኛ በጎን እንሹለከለካለን። የአመልካች ጣቷ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ መርፌው ወግቷት፣ ሥራውን በቀኑ አደርሳለሁ ብላ ሳትታከም በዚያው ቀረ። ማንን እንዳገኘሁ ስነግራት መርገጫው ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ልጄ ቃልንም ለክታ በመቀስ ነው የምትቆርጠው።

የዝምታዋን ምክንያት አውቃለሁ። ያልተከፈለውን ቀለብ ለማስከፈል የአፈጻጸም ማመልከቻ አጽፋለች፤ የቀራት የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ዘንድ ቀርቦ ፈርሞ ማስገባት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ «ተይው» እያልኩ ስለምናት ሰንብቻለሁ። እሺም እምቢም አላለችኝም።

የልጅ ልጄ ግን ዝም የምትል አይደለችም። ገና በሕፃንነቷ ትልቁ ቁራሽ ለማን እንደሚገባ ስትከራከር አያቷ፣ ባለቤቴ፣ «ጠበቃዋ» ያላት፣ እሱ ሞቶም ስሙ አልተዋትም። ዛሬ የላቦራቶሪ ትምህርት ትማራለች። ወሬውን ሰምታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «እማማ፣ ለምን ዛሬ ሳይሸሽ እንዳናገረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ስላደግኩ ዕዳው የሞተ መስሎት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ አልሞተም? ቀለብ የልጅ ነው። ልጅነቱ ሲያልቅ ቀለቡም ያልቃል።»

«የሚቆመው የወደፊቱ ነው። ያለፈው ሳይከፈል የቀረው ግን ዕዳ ነው። ፍርድ ቤት በነፃ የምታማክረውን ሴትዮ ጠይቄአት፣ የኛ ውሳኔ እኔ በማደጌ እንደማይሰረዝ ነግራኛለች። አንቺስ ከባለሱቁ ዱቄት በዱቤ ወስደሽ፣ ዱቄቱ ተበልቶ ሲያልቅ ዕዳው አብሮ ያልቃል?»

«አባት ባለሱቅ አይደለም።»

«ባለሱቅ ቢሆን ይሻል ነበር። የባለሱቅ አድራሻው ይታወቃል።»

ልጄ እንዳቀረቀረች ፈገግ ስትል አየኋት፤ ያም ይበልጥ አስቆጣኝ። በልጅነቷ አባቷን ስትጠብቅ መስኮት ሥር እንቅልፍ የሚወስዳትን ያቺን ሕፃን ተሸክሜ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ይህ ሰው ዳግመኛ ቢሸሽ፣ ነገ ስትዳር አጠገቧ ማን ይቆማል? ይህንኑ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» አልኳት።

«በብብታችን ምን ነበረና ነው የሚወድቀው?» አለችኝ።

የተረታች አሮጊት የምታደርገውን አደረግኩ፤ ወገቤን አመመኝ ብዬ ጋደም አልኩ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። ልጅቱ እጇን ዘርግታ «እንደምን አረፈዱ፣ ይግቡ» አለችው።

«አባትሽን አንቱ ትያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«እስክንለማመድ ነው» አለች በትሕትና።

ሣጥኑን ከፈተ። በሩን ነቅሎ፣ ሥሩን በመላጊያ ልጎ፣ አዲስ ማጠፊያ አሠረለት። ሲጨርስ በሩ በአንድ ጣት ሲነካ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ ሆነ። እኔ እልል ማለት ቃጣኝ። ልጄ «እጅህ ይባረክ» አለችው፤ ያን ቀን ከአፏ የወጣው ያ ብቻ ነው።

ምሳው ሊያልቅ ሲል አናጢው ብርጭቆውን አንሥቶ፣ ልጁ በማደጓ ፈጣሪን አመሰገነ፤ ቀጥሎም «እኔም ተገላገልኩ» አለ።

«ከምን ነው የተገላገሉት?» አለች ጠበቃዋ።

«ከፍርድ ቤቱ ጣጣ ነዋ። እንግዲህ ያለ ዳኛ አባትና ልጅ እንሆናለን።»

ዝም እንድትል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩ። የረገጥኩት የራሱን የአናጢውን እግር ኖሯል፤ ዞር ብሎ አየኝ። እሷ ግን ቀጠለች። አባትና ልጅ መሆኑ እሷንም ደስ እንደሚያሰኛት፣ ነገር ግን ከጀርባው ሆኖ እንዲደርስበት ስለማትፈልግ ፊት ለፊት እንደምትነግረው ገልጻ፣ እናቷ ማመልከቻ ማዘጋጀቷን ነገረችው። የሬጅስትራሩ ቢሮ ከምሳ በኋላ እንደሚከፈትም አልደበቀችውም።

ፊቱ ጠቆረ። ያ ዘመን ለእሱም ክፉ እንደነበር፣ የእንጨት ዋጋ ወገቡን እንደሰበረው፣ ሌሎች ልጆችም እንዳሉት ዘረዘረ። ይከፍል በነበረ ጊዜም ገንዘቡ የት ይገባ እንደነበር አላውቅም ብሎ ልጄን ሰረቅ አድርጎ አያት። ልጄ ከቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እየለቀመች ነበር። መቼም ገንዘቡ የገባባት ልጅ ፊቱ ተቀምጣ ትታይ ነበር፤ ቁመቷ ከሱ በልጧል።

«እሺ ይሁን» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ። «ለማን ነው የምከፍለው? ተቀላቢዋ አንቺ ነሽ፤ አድገሽ የራስሽ ሰው ሆነሻል። ባገኘሁ ቁጥር በእጅሽ እሰጥሻለሁ። መሃላችን ሌላ ሰው አይግባ።»

እኔ በሆዴ «ተቀበይ፣ ተቀበይ» አልኩ። አባቷ መመላለሱ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ልጅቱ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። እንደፈለገችው አውቃለሁ፤ መስኮት ሥር የምትተኛዋ ሕፃን ናት።

«አባዬ» አለችው፣ አንቱታውን ትታ። «ያልከፈልከው እኔን አይደለም። እኔ በልቻለሁ፣ ለብሻለሁ፣ ተምሬያለሁ። ያንተን ድርሻ በራሷ ላይ ጨምራ የተሸከመችው እሷ ናት። የሷን ለኔ ብትሰጠኝ የሰው ገንዘብ ነው፤ ይጎረብጠኛል። አንተ ግን ና። ገንዘብ ባትይዝም ና።»

ሰውዬው ተነሣ። ካቻቢቴውንና መላጊያውን ሣጥኑ ውስጥ ወረወረ። «ለካ ለዚህ ነው የጠራችሁኝ» ብሎ ወደ በሩ አመራ። የፈራሁት ደረሰ። ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልጠራችውም። እናቷም አልጠራችውም።

እጁ በሩ ላይ ሲያርፍ፣ ወለሉ ላይ የተጠቀለለውን የእንጨት ፍቅፋቂ አየሁ። የዚያ ባለ ሆቴል በሮች ትዝ አሉኝ። አፌን የከፈትኩት «እባክህ አትሂድ» ልለው ነበር።

«ያ ባለ ሆቴል ከፈለህ?» አልኩት።

ዞረ። «ምን አሉኝ እማማ?»

«የበሮቹን ነው የምልህ። ከፈለህ ወይ?»

«ከየት መጥቶ ይከፍላል።»

«አርጅተዋል ነበር ያለህ። እኔስ ምን ብዬህ ነበር?»

በዚያች በአንድ ዓይኑ አፍጥጦ ሲያየኝ ቆየ። «አትተወው፣ ላብህ ነው ብለውኛል» አለ፣ ቃሉ እየከበደው።

«እንግዲህ ልጅህም አደገች ተብሏል። ያሳደገቻት ግን ላቧን አላገኘችም። ላንተ የፈረድኩትን ለልጄ ስነፍጋት ከርሜአለሁ።»

የመጨረሻውን የተናገርኩት ለሱ ሳይሆን ለልጄ ነበር። ቀና አላለችም፤ ክር መልቀሟን ግን ተወች።

አናጢው ሣጥኑን አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ኋላ በአንድ ጊዜ ከሆነ መጋዙንም ቢሸጥ እንደማይሞላ ተናገረ። ልጁ ወንበሯን አስጠግታ፣ ገቢውን ሳይደብቅ ለዳኛው ካስረዳ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፍል መጠየቅ እንደሚችል፣ የሚጎዳው የሚሰወረው እንጂ የሚቀርበው እንዳልሆነ አስረዳችው። ሌሎቹ ልጆቹ እንዳይራቡም ዳኛው እንደሚያመዛዝን ነገረችው።

«እንግዲህ ዳኛው ይቁረጡልኝ» አለ፣ ጥርሱን ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው።

እናንተ የምታነቡኝ እናቶች፣ ዕዳ ይቅር ሲባል ሰላም የሚወርድ ይመስለን ነበር፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ነገር ግን ይቅር የምንለው ብዙ ጊዜ ከገዛ ልጃችን ጉልበት ላይ ነው። ዕዳውን በፍርድ ያመነ አባት መንገድ ሲያቋርጥ እኛን ፈርቶ ሳይሆን መኪና አይቶ ይሆናል። ልጅ አባቷን በደስታ ትቀበላለች፤ እናቷን የከዳች አይመስላትም። ልብስ ሰፊዋም በጊዜ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ትተኛለች፤ ጣቷን ትታከማለች። አሳዳጊ ላቡ እንደማይጠፋ ያየ ወጣትም ነገ ወላጅ ሲሆን ይጠነቀቃል። አናጢው ቃሉን ይጠብቅ ይሆን? አላውቅም፤ እስካሁንም ያሳስበኛል። ካሳሰበኝ ግን ዕዳውን ጥሎ ከሸሸው ይልቅ ከነዕዳው ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው ይሻለኛል።

ያን ቀን አናጢው ያን እንዳለ ልጄ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ከመቀሱ ሥር ማመልከቻው ያለበትን ፖስታ አነሣች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። እሱንም፣ ልጇንም፣ እኔንም አላየችም። አናጢው ከነሣጥኑ ጠጋ ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ወጣች። በሩም አላቃሰተም። መሄዷን ያወቅኩት በበሩ የገባው ብርሃን ከወለሉ ላይ ሲጠፋ ነው።