በድንጋይ የተከደነ ውሃ

(ወሎ ውስጥ፣ ዝናብ ከራቀው ሦስት ዓመት በሆነው መንደር፤ ኡጋንዳ ጫካ ውስጥ ቺምፓንዚ የምታጠናው ሉባባ ለእረፍት መጥታ፣ ከአባቷ ከይመር ጋር በደረቀው ወንዝ አፋፍ ላይ ቆማለች።)

ሉባባ፦ ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ አይወርዱም ማለት ነው?

ይመር፦ አልወርድም። ትናንትም ነግሬሻለሁ።

ሉባባ፦ አክስቴ ሳትሞት ነግራኛለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አያቴ ከዚህ አሸዋ ውሃ ቆፍራ ነው ያተረፈቻችሁ። ቦታውን የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ አልቀረም፤ ሰዉ ደግሞ ከነገ ወዲያ ቀዬውን ለቆ ሊሄድ ነው።

ይመር፦ ይሂድ። እኛም ሄደን ነበር።

ሉባባ፦ እዚያ የማጠናቸው ቺምፓንዚዎች...

ይመር፦ ደግሞ ጦጣዎችሽን አመጣሽብኝ።

ሉባባ፦ ይስሙኝ እንጂ። ጫካው ተመንጥሮ ምንጩ ሲነጥፍ፣ ከሌላ ጫካ የመጣች አንዲት አሮጊት አሸዋውን ጭራ ውሃ አወጣች። ትንንሾቹ አጠገቧ ቁጭ ብለው እጇን ያያሉ። በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ይቆፍር ነበር።

ይመር፦ ደግ አሮጊት ናት።

ሉባባ፦ ከወንዙ ማዶ ያሉት ግን የሚያሳያቸው አልነበረም፤ ትልልቆቹ ቀድመው አልቀዋል። አሸዋው ላይ ሞተው አገኘናቸው። እኔ ራሴ ስቆፍር፣ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ውሃ አገኘሁ።

ይመር፦ ስንት ነበሩ?

ሉባባ፦ አምስት። አንዷ ልጇን እንዳቀፈች።

ይመር፦ በቃ፣ ተይኝ።

ሉባባ፦ ምነው አባ? ምን ሆኑ?

ይመር፦ እናቴ ቆፍራለች፤ እውነት ነው። ውሃው ግን ጥቂት ነበር። ጎረቤታችን ጀማል በየቀኑ እየመጣ ከየት ነው የምትቀዱት ይላታል። ሩቅ ነው ትለዋለች። እህሉ አልቆ ወደ መጠለያ ስንሄድ፣ ስንመለስ እናገኘዋለን ብለን ጉድጓዱን ከደንነው። ድንጋዩን ያንከባለልኩበት እኔ ነኝ።

ሉባባ፦ እነ ጀማልስ?

ይመር፦ ስንመለስ እሱን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከድንጋዩ ሃያ እርምጃ ወዲህ አገኘናቸው። እዚያው ቀበርናቸው። ትልቋ ልጁ አጎቷ ዘንድ ስለነበረች ተረፈች።

ሉባባ፦ ትልቋ ማለት... የወፍጮ ቤቷ ዘይነባ?

ይመር፦ አርባ ዓመት ሙሉ እሷ ሰላም ስትለኝ አቀረቅራለሁ።

ሉባባ፦ ታውቃለች?

ይመር፦ አታውቅም። ቦታውን ካሳየሁ ግን፣ ያኔ ለምን ዝም አልክ ማለቷ አይቀርም።

ሉባባ፦ እንግዲህ እኔ ላስገድድዎ አልችልም፣ አባ።

ይመር፦ ሌላ ሰው ከምቀብር ትጠይቀኝ፤ ሂጂና ዘይነባን ጥሪያት። ከማንም በፊት ለእሷ ነው የማሳየው።