ታርቀን የጨረስነው ጠብ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳባ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የፈትል ክፍል ጓደኞቼ፤

ለአንዲት ክር ፈታይ ይህ ሁሉ ድግስ? አቶ ዳባ፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለየብቻ በግ ስላሳረዱልን እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ ስገባ የያኔዎቹ አለቆች «ይቺ ሴትዮ ክረምቱን አትዘልቅም» ብለው ነበር አሉ። ይኸው ስንቱን ክረምት ዘለቅኩት! ዛሬም የምወጣው ተባርሬ አይደለም።

ወዴት እንደምሄድ ታውቃላችሁ። ልጄ ደራርቱ ጀርመን አገር ነርስ ናት፤ እዚያው ባል አግብታለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ገንፎ አገንፍቼ ላርሳት አልደረስኩም። እናት እያላት በባዕድ እጅ ታረሰች! አሁን ሁለተኛው ቀርቧል።

ያኔ ለምን ቀረሁ? አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። ቪዛ ተከልክዬ ነው።

ይህ ፋብሪካ ሳይቆም፣ ነፋስ ስልክ ገና ማሳና ግጦሽ ሳለ፣ ምንጭ ወርደን በወረፋ ስንጣላ የአንዲትን ሴት ክንድ በዱላ ሰበርኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ደሜ ይፈላ ነበር። ተፈርዶብኝ ታሰርኩ፣ ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ ሽማግሌዎች አስታረቁን። ጊደር ካስኩ፣ ተሳሳምን። «ይህን ነገር ዳግም ያነሳ ዘሩ አይባረክ» ብለውም አስማሉን።

እንግዲህ ኤምባሲው «ተፈርዶብሽ ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? «በፍጹም!» አልኩ። እኛ ዘንድ በእርቅ ያለቀ ነገር አልቋል፤ መልሶ ማንሳት ነውር ነው። ደግሞስ ልጄ ነፍሰ ጡር ሆና መሐላ ላፍርስ?

የፖሊስ መዝገብ ግን እርቅ አያውቅም። አሻራዬን ሲመረምሩ የታሰርኩበት ተገኘ፤ ልመናዬም ውድቅ ሆነ።

የፋብሪካችን ነገረ ፈጅ አቶ ሁንዴሳ ጠርተው አስረዱኝ።

«እትዬ ገዲሴ፣ የጎዳዎት እስራቱ አይደለም። ቢናገሩት ኖሮ ‹ድሮ የሆነ ነው› ብለው ሊያልፉልዎ ይችሉ ነበር። የጎዳዎት መደበቅዎ ነው።»

«መላ የለውም?»

«አለው። ቅጣቱን ጨርሶ ዓመታት በሰላም የኖረ ሰው፣ ፍርዱ ተሰርዞ ስሙ እንዲታደስለት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከዚያ እውነቱን ከነውሳኔው ይዘው ለኤምባሲው እንደገና ይጠይቃሉ። መፍቀዱ ግን የእነሱ ነው፤ እኔ ቃል አልገባልዎትም።»

«ፍርድ ቤት ቆሜ ምን እላለሁ?»

«የሆነውን ሁሉ።»

«አልናገርም!» ብዬ ወጣሁ። አቶ ሁንዴሳ፣ በርዎን በኃይል ስለዘጋሁት ዛሬ ይቅር ይበሉኝ።

ክንዷን የሰበርኳት ሴት ማን ናት? የማቅለሚያ ክፍሏ ቀመሪያ ናት! አትደንግጡ፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው። ከእርቁ በኋላ እዚህ አብረን ተቀጠርን። እናቷ ሩቅ አገር ስለነበሩ፣ ልጇን ከድርን ስትወልድ ያረስኳት እኔ ነኝ። ቡናችን አንድ ነው፤ ሳቃችን አንድ ነው። ስለዚያ ክንድ ግን ትንፍሽ ብለን አናውቅም።

ደራርቱ ዳግመኛ ማርገዟን የሰማች ዕለት ቀመሪያ ያዘችኝ።

«አሁንስ ለምን አትሄጂም?»

ለማንም የማልነግረውን ለእሷ እንዴት ልንገር?

«በእኔ በታሰርሽው ነው እንዴ?» አለች። እንባዬ ቀደመኝ።

በማግስቱ እጄን እየጎተተች መካኒሳ፣ ካስታረቁን ሽማግሌዎች በሕይወት ወደ ቀሩት ወደ ኦቦ ለሜሳ ወሰደችኝ። ኦቦ ለሜሳ ሁሉን ሰምተው ሳቁብኝ። «መሐላው ለጠብ እንዳታነሱት ነው እንጂ። ለምሕረት ያነሳውን ማን ይረግማል?» አሉ። አያችሁልኝ? አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቅቶኝ የልጅ ልጄ ሳላየው ድክ ድክ አለ!

አቶ ሁንዴሳ ማመልከቻውን ጻፉልኝ። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛው «ለጠባይዋ የሚመሰክር አለ?» አሉ። ቀመሪያ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ክንዴን የሰበረችው ይቺ ናት። ስወልድ ያረሰችኝም ይቺው ናት። እኔን ያረሰ እጅ የገዛ ልጇን እንዳያርስ አይከልክሉብኝ።»

ስሜ ታደሰ። ኤምባሲም ሁለተኛ ሲጠይቁኝ «አዎ፣ ተፈርዶብኛል» ብዬ ከሥሩ ጀምሬ ተናገርኩ። ፈቀዱልኝ።

ጓደኞቼ፣ ውለታችሁ ከብዶኛል። አቶ ሁንዴሳ፣ ሰው ከችግር ለማውጣት የሚደክም ጉልበትዎን ያጽናልዎ። አቶ ዳባ፣ ቤትዎ ይሙላ። የፈትል ክፍል ልጆች፣ ክር አይበጠስባችሁ፣ ጤና አይጓደልባችሁ። የተጣላችሁ ታረቁ፤ የታረቃችሁ ተጠያየቁ። ቀመሪያ እህቴ፣ አንቺንማ ምን ብዬ ልመርቅሽ? አላህ የልጅ ልጅ ያሳይሽ።

እናንተም መርቁኝ። ደራርቱን «ማርያም በሽልም ታውጣት» በሉልኝ፤ በዚህኛው እናቷ ትደርስላታለች።