ከክዳኑ ሥር ያለው ክፍተት

የተኳረፈ ሰው ቢያስታርቁት ቢያስታርቁት እምቢ ይላል፤ ዝናብ ግን ሽማግሌ ሳይልክ ያስታርቃል። እማማ ቁልል ከዘመድ ጥየቃ ሲመለሱ ገና ከታክሲ እንደወረዱ ድንገት ዶፍ ጣለባቸውና፣ ጃንጥላ ስላልያዙ የማን ቤት መሆኑን ሳያዩ ወደሚቀርባቸው የቤት ታዛ ሮጡ። ሮጡ ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው፤ በእሳቸው ዕድሜና በእሳቸው ውፍረት ፈጠን አሉ ቢባል ይበቃል። ገና እንደተጠለሉ በሩ ተከፈተና ነጭ ሽርጥ ያሸረጠች፣ ፀጉሯን በቆብ የሸፈነች ወጣት ብቅ አለች። የእህታቸው ልጅ ነበረች። ሁለቱም ክው አሉ።

እማማ ቁልል ዕድሜያቸውን በሙሉ እህል የቸረቸሩ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ሲሆኑ፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጣሳውን ጢም አድርገው ሞልተው፣ በላዩ ቆልለው፣ አንድ እፍኝ ደግሞ መርቀው ካልሰጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። እህታቸው ስትሞት ልጅቷን ወስደው በዚያው እህል አሳደጓት፤ በዚያው እህል አስተማሯት። ልጅቷም የምግብ አያያዝ ትምህርቷን ስትጨርስ ቢሮ ትገባለች ሲባል ማርማላታና ብስኩት የሚሠራበት ትንሽ ቤት ከፈተች። ይህንንስ እማማ በደስታ ተቀብለውት ነበር። ነገር የተበላሸው ልጅቷ የመጀመሪያውን ማርማላታ አንድ ጠርሙስ ስትልክላቸው ነው። ከክዳኑ ሥር ጣት የምታህል ባዶ ቦታ አዩ። «ጎዶሎ ትሸጣለች! ለካ ሌባ ነው ያሳደግሁት!» ብለው ጠርሙሱን ሳይቀምሱት መለሱት። ቃሉም እንደተለመደው ከጠርሙሱ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አንዷ በሌላዋ ደጅ አላለፈችም።

«ይግቡ እማማ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳታነሳ።

«እስኪያባራ ብቻ ነው» አሉ እማማ። ልብሱ ከረጠበ ሰው ጋር ኩራት ብዙ አይቆይም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት የኮክ ማርማላታ ይንተከተካል፤ ከጎኑ በፈላ ውሃ የተቀቀሉ ጠርሙሶች ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍተዋል። በውስጠኛው ክፍል ጋጋሪው፣ ግንባሩ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ጎልማሳ፣ የብስኩት ሊጥ እየዳመጠ በክብ ቆርቆሮ ይቆርጣል። እማማ ዓይናቸውን ከጣሪያ እስከ ወለል አንከራተቱ። ቆሻሻ ፈለጉ፤ አላገኙም። ይህም ትንሽ አበሸቃቸው።

ልጅቷ ፎጣ ሰጠቻቸው፤ በማንኪያ ጫፍም አስቀመሰቻቸው። ጣፈጣቸው። ፊታቸውን ግን አልፈቱም።

«እጅሽ ሙያ አለው፤ ይህን አልክድም» አሉ። «ድስትሽም ሙሉ ነው። ታዲያ የጠርሙሱ አንገት ላይ ስትደርሺ እጅሽን ምን ያዘው? እኔ በጎዶሎ ጣሳ ነው ያሳደግሁሽ?»

«በቁልል ነው ያሳደጉኝ እማማ። ነገር ግን ማርማላታ እንደ እህል አይደለም። በትኩሱ ይታሸጋል፤ ክፍተቱ ውስጥ በሙቀት የሰፋው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ክዳኑን ወደ ውስጥ ስቦ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ነገር አይኖርም። ጢም ብሎ ከሞላ ግን ማርማላታው የጠርሙሱ ከንፈር ላይ ይወጣና ክዳኑ አይገጥምም። በዚያ በኩል ሻጋታ ይገባል።»

«ሻጋታ ከገባ ገፈፍ ማድረግ ነዋ! እኛ ስንቱን ገፍፈን በልተን አድገናል።»

«ሻጋታ ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም፤ ወደ ታችም ሥር ይሰዳል። ደግሞ ያደገው ነው እማማ ወሬውን የሚነግረን። ማን ያውራ የነበረ ይባል የለ? ታሞ ለቀረውስ ማን ያውራለት?»

እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙ። መስማትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው። «ነገርሽስ ያምራል» አሉ። «ሌባም ነገር ያምርለታል።»

ልጅቷን ይህ ቃል ወጋት። ሌላ ሰው ቢላት ስቃ ታልፈው ነበር፤ ያሳደገ ሰው ቃል ግን መግቢያውን ያውቃል። ጭልፋውን አቀበለቻቸው። «እንግዲያው እጅዎን ይታጠቡና አንዱን እርስዎ እንደ ልማድዎ ይሙሉ፤ አንዱን እኔ እንደ ትምህርቴ። ሲቀዘቅዝ እናያለን።»

«እጄ ንጹሕ ነው!»

«ነው እማማ። የነኩት የታክሲ በር ግን ንጹሕ መሆኑን አላውቅም።»

ታጠቡ። ከዚያም እማማ ጠርሙሳቸውን አፉ ድረስ ሞሉት፤ ከዳርና ዳር የፈሰሰውን በጨርቅ ጠርገው በድል አድራጊነት ከደኑት። ልጅቷም የራሷን ክፍተት ትታ ከደነችና ሁለቱ ጠርሙሶች መስኮት ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሥራ የለመደ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይጨንቀዋል። ልጅቷ ድስቷን ስታማስል፣ ጋጋሪውም ዱቄት ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ እማማ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ብስኩቶቹ ሰፊው ትሪ ላይ ተራርቀው ተደርድረዋል። «ወይ ብክነት! ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ!» አሉና ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን የተቆረጡ ብስኩቶች በየመሃሉ ሰገሰጓቸው። በዚህም አልበቃቸውም፤ ሊያግዙ ብለው ትሪውን ራሳቸው የመጋገሪያው ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

ጋጋሪው ምድጃውን ሲከፍት ብስኩት የሚባል ነገር አልነበረም። ዳር ዳሩ ያረረ፣ መሃሉ ጥሬ የሆነ አንድ ሰፊ ነገር ትሪውን ሞልቶት ተኝቷል።

«እናቴ» አለ ጋጋሪው በትሕትና፣ «ይህ የምንበላው ነው ወይስ አንጥፈን የምንተኛበት?»

ልጅቷ ከሳቋ ብዛት ግድግዳ ተደገፈች። እማማም ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ ቀደማቸው። ስንት ጊዜ የተቋጠረ ኩርፊያ በአንድ ያረረ ትሪ ላላ።

«ሊጥ ሲሞቅ ይሰፋል እማማ» አለች ልጅቷ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «መስፊያ ካልተውንለት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ትሪውን ባዶ ያስመሰልነው ሰስተን አይደለም።»

በዚህ መካከል ከመስኮቱ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የልጅቷ ጠርሙስ ክዳን መሃሉ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ እማማ በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት ንቅንቅ አላለም። የራሳቸውን ጠርሙስ ቢጫኑት ግን ክዳኑ ከጣታቸው ሥር ዘለለ፤ ጠርሙሱን ዘንበል ሲያደርጉትም በአንገቱ ዙሪያ ጭማቂ ተንጠባጠበ።

እማማ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያው አልሰረቅሽም» አሉ በመጨረሻ።

«አልሰረቅሁም እማማ።»

«እኔ ነኝ የሰረቅሁሽ። ስምሽን።» አንገታቸውን ደፉ፤ ግን እማማ ናቸውና ወዲያው ቀና አሉ። «አንቺም ብትሆኚ ከጥፋት አልነጻሽም! ይህን ዕውቀት ከጠርሙሱ ጋር አብረሽ ለምን አልላክሽልኝም? ሰው የሚፈርደው በዓይኑ ባየው ነው። የተማረ ሰው ያወቀውን ለራሱ ከያዘው ለሌላው ምን ጠቀመው?»

«እውነትዎን ነው» አለች ልጅቷ። «ተናድጄ ዝም ከማለት መጥቼ ማስረዳት ነበረብኝ።»

ዝናቡ አባርቶ ኖሮ አንድ ልብስ ሰፊ ገባ። በርጩማው ላይ የተቀመጡትን እማማን ልብ አላለም። ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አነሳና ወደ ብርሃኑ ያዘው።

«ጣዕሙ መልካም ነው ይላሉ» አለ። «ይህቺ ክፍተት ግን ምንድን ናት? የእማማ ቁልል ልጅ እንዲህ ትሽጥ?»

ልጅቷ ልትመልስ ስትል እማማ ብድግ አሉ።

«ስማ አንተ! አንተ ኮት ስትሰፋ ክንድ ማንቀሳቀሻ አትተውም? ገላ ላይ አጣብቀህ ነው የምትሰፋው? ይህቺ ክፍተት የክዳኑ ማንቀሳቀሻ ናት። እሷ ስላለች ማርማላታው እስኪከፈት ሳይሻግት ይቆያል፣ ልጆችህ ሆዳቸውን አይታመሙም። ኮክ በወቅቱ ሲረክስ ከዛፍ ሥር ከሚበሰብስ እዚህ ገብቶ ከርሞ ይበላል፤ አትክልተኛውም ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ቁልል ለእህል ነው፤ እኔ ቁልል የምትሉኝ ሴት ነኝ ይህን የምነግርህ!»

ልብስ ሰፊው ጠርሙሱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ገዝቶም ሄደ። ያንለት ቤቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጥ አፍ አገኘ። አንባቢ ሆይ፣ ከእማማ ደግነት አንዲት እፍኝ አልጎደለችም፤ የሚፈስበትን ቦታ ብቻ ለይተው አወቁ። አሮጌ ልማድ ሁሉ ክፉ አይደለም፣ አዲስ ዕውቀትም ሁሉ አፍ አለው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲነጋገሩ ግን ቤት ይጠግባል።

ልጅቷ ወደ ድስቱ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ስላቀረረ የጠርሙሶቹ አፍ አልታይ አላት። እማማ ጭልፋውን ከእጇ ወሰዱና ቀስ እያሉ መሙላት ጀመሩ። አንገቱ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ገቱ።

«እዚህ ላይ ይብቃ?»

«ይበቃል፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። እንዲህ ብላ ከጠራቻቸው ብዙ ቆይታ ነበር።