በቤተ ክርስቲያኑ ማዞሪያ

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ የምትሮጠው በሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ወይ ዝናብ ሲመጣ፣ ወይ በሬ ሲያባርራት፣ ወይ ሊድሯት መሆኑን ስትሰማ። አትሳቂ ትግስት፣ እውነቴን ነው። አንቺ ዛሬ ፊሽካሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ልጆቹን ስታሯሩጪ ማን ቀና ብሎ ያይሻል? ማንም። ያን ጊዜ ግን፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ቢቸና ላይ ሴት ልጅ ስትሮጥ ከታየች ሰው ከቤቱ ወጥቶ "ማን ሞተ?" ነበር የሚለው።

ታዲያ እኔ የሴቶች ሩጫ አሰልጣኝ የሆንኩት ሩጫ ስለማውቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ የሉማሜ ልጅ፣ ቢቸና ተመድቤ። አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ሰበሰበንና ከሞጣ ትምህርት ቤት ጋራ የሴት ተማሪዎች አገር አቋራጭ ውድድር ሊደረግ ነው አለ፣ እና ዙሪያውን አየና "ፊሽካ ያለው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ሞኙ እጄን አወጣሁ። "እንግዲያው አሰልጣኙ አንተ ነህ" አለና ስብሰባው ተበተነ። በቃ። ኋላ ኮሌጅ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሴቶች ሳሯሩጥ የኖርኩት ያን ቀን እጄን ስላወጣሁ ነው።

እና ልጆች ፈለግሁ። ሦስት አገኘሁ፤ ሦስቱም ደህና ናቸው፣ ደህና ብቻ። አራተኛዋ ይታይሽ ትባላለች። ይቺ ልጅ ደወል ሲደወል ገና ከወንዙ ማዶ ናት፤ ደወሉ ሳያበቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። እኔ በመስኮት አያታለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ አላምንም። ነገር ግን የማን ልጅ ናት? የየኔታ ፈንታ። የኔታ ፈንታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሲያስሉ እንኳ ሰው ኮፍያውን የሚያወልቅላቸው።

ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ሄድኩ። ከተማሪዎቻቸው መሐል ተቀምጠዋል፤ ጉልበት ስሜ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝ፣ እና፦

"ልጄ ትሩጥ ነው የምትለኝ?" አሉ።

"አዎ የኔታ።"

"ማን አባርሯት?"

"ማንም የኔታ። ውድድር ነው።"

"ሮጣ ሮጣ ምን ይዛ ልትመጣ?"

"ዋንጫ።"

"ቤት ውስጥ የጠላ ዋንጫ ጠፍቶ ነው?"

ተማሪዎቻቸው በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አልተነሣሁም፤ ግትር ነበርኩ። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ነው አልኩ፣ ከሴት አስተማሪ ጋራ ነው የምትሄደው አልኩ፣ ምኑን ያላልኩት አለ! መጨረሻ ላይ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ "ትሂድ። ግን ስማኝ። ቤተ ክርስቲያን እያየች ሳትሳለም እንደ ፍየል ዘላ ያለፈች ቀን ትምህርቷም ያን ቀን አበቃ። ከፋሲካ በኋላ የሚጠይቋት ሰዎች አሉ፤ እኔም እሺ እላቸዋለሁ።"

ያያችሁት እንደሆነ ነገሩ የዋንጫ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ልጅቱ አንድ ጊዜ ብትሳሳት ትዳራለች ማለት ነው። ዕድሜዋ ገና አሥራ አምስት ነው።

ታዲያ ልምምድ ጀመርን። የምንሮጥበት መንገድ በቤተ ክርስቲያን በር ያልፋል፤ ቢቸና ላይ በምን በኩል ብትሮጡ ከቤተ ክርስቲያን አታመልጡም። አራቱም እየበረሩ ይመጡና በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም! ነጠላ ማስተካከል፣ ሦስቴ መስገድ፣ ቀኙን መቃን መሳም፣ ግራውን መሳም፣ አንደኛዋማ አባታችን ሆይን ትጀምራለች። በሰዓቴ ስለካው ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ! በሁለት ደቂቃ ሰው ሞጣ ሊደርስ ምን ቀረው?

እንዳትሳለሙ ልል አልችልም፤ የኔታ አሉ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? መሳለሙን አሠለጠንኳቸው። በሩጫ መጥቶ፣ ማማተብ፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ፣ አንድ ጊዜ ሳም፣ ውጣ። አምስት እስክቆጥር ድረስ። ሜዳ ላይ በር ስለሌለ የሰባተኛ ክፍልን በር ነበር የምንለማመድበት። ሳምንቱን ሙሉ አራት ልጆች እየሮጡ መጥተው የሰባተኛ ክፍልን በር ይስማሉ፤ እኔ ፊሽካ ይዤ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ይታይሽ ደረቱን ልትስም ምንም አልቀራት። "ምንድነው የምትሠሩት?" አለ። "አገር አቋራጭ" አልኩት። አየኝ፣ አየኝና በሩን መልሶ ዘጋው።

አሁን ተንኮሌን ልንገራችሁ። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት መንገዱን ለማየት ሞጣ ሄድኩ። የሞጣው አሰልጣኝ ለስላሳ ሰው ነው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ። መንገዱ በወንዙ በኩል ሄዶ በወንዙ በኩል ይመለሳል አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ አሰብኩ፤ የሞጣ ልጆች መቼ ፈጥኖ መሳለም ለመዱ? ለምዶ የሚመጣው የእኔ ነው። እና "ምነው በቤተ ክርስቲያኑ ማዞሪያ ብናደርገው? እዚያ ጥላም አለ፣ ተመልካችም ይበዛል" አልኩት። "ጥሩ አሰብክ" አለኝ። እንዲያውም አመሰገነኝ። እኔ የጭነት መኪናው ላይ ተሳፍሬ ቢቸና እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባል የለ?

ቀኑ ደረሰ። ልጆቹን ይዘን ሞጣ ገባን። ከሞጣ አራት፣ ከእኛ አራት ተሰለፉ፤ ፊሽካዋን ሌላ ሰው ነፋ፣ ተነሡ። እኔ አቋርጬ ቤተ ክርስቲያኑ ማዞሪያ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ግራና ቀኝ ሞልቷል። ሰዓቴን ይዤ ዞር ስል በሩ አጠገብ ጥላ ዘርግተው፣ ጭራቸውን ይዘው የቆሙት ማን ናቸው? የኔታ ፈንታ! ለማንም ሳይናገሩ እህል በጫነ መኪና ላይ ተቀምጠው መጥተዋል። ሊቆጣጠሩ ነው የመጡት።

እና መጡ። ይታይሽ ፊት ናት! ሁለት የሞጣ ልጆች ከኋላዋ፣ ሌሎቹ ተከታትለው። በሩ ጋ ደረሰች፣ አማተበች፣ ጎንበስ አለች፤ እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ነው። የሞጣዎቹም አዩአት። አገራቸው ነው፣ እናቶቻቸው ቆመው ያያሉ፣ እንዴት አድርገው ይለፉ? ቆሙ። አንደኛዋ ተንበረከከች። በልቤ ጨበጥኩት አልኩ፣ ዋንጫውን ጨበጥኩት።

ታዲያ ይታይሽ ቀና ስትል ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈ።

አለቀ። ልጄ ያስተማርኳት ሁሉ ጠፋባት። እንደገና ሰገደች። ሦስቴ። ቀኙን መቃን ሳመች፣ ግራውን ሳመች፣ ነጠላ የላትም እንጂ ነጠላዋን ልታስተካክል እጇን ሁሉ አነሣች። እኔ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት እያልኩ ነው። በዚህ መሐል ከኋላ አንዲት ቀጭን የሞጣ ልጅ መጣች፣ ወደ በሩ ሳታይ በመሐላችን ሽው ብላ አለፈች። ዘሃራ ትባላለች፤ ሙስሊም ናት። ምን ብላ ትቆማለች? ሞጣ ላይ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንዳለ እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪው ረስቼዋለሁ!

ያን ጊዜ የኔታ የዘሃራን ጀርባ አዩ። ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ገና መቃን ላይ ናት። እና ያ ቅኔ ሲዘርፉ ብቻ የሚሰማው ድምፃቸው ማዞሪያውን ሞላው፦

"በቃሽ አንቺ! እግዜር አይቶሻል፤ ሩጪ!"

ሮጠች እላችኋለሁ። እንደዚያ የሮጠ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም ኮሌጅ ስንቷን አሯሩጬ አላየሁም። የኔታም ጥላቸውን እንደ ዘረጉ ጥቂት ከኋላዋ ሮጠዋል፤ እኔ ነኝ ምስክሩ። ግን አልደረሰችባትም። ዘሃራ በክንድ ያህል ቀደመቻት።

የሞጣው አሰልጣኝ መጥቶ ጨበጠኝ። "ማዞሪያው ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ በዚያ በለስላሳ አፉ። "ዘሃራን ቡድኑ ውስጥ ያስገባኋት አንተ ያን መንገድ ካሳየኸኝ በኋላ ነው።" መሬት አልተከፈተችልኝም።

ከዚያ ወደ የኔታ ሄድኩ፤ ፈራሁ። ይታይሽ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጥላቸውን አጠፉ። እና ቀስ ብለው፦

"የሚመጣው ዓመት መንገዱን በወንዙ በኩል አድርገው" አሉኝ።

"የሚመጣው ዓመት?" አልኩ፤ የሰማሁት እውነት አልመስል ብሎኝ። "የኔታ፣ እነዚያ ከፋሲካ በኋላ የሚመጡት ሰዎችስ?"

"እነሱም ይሩጡና ይድረሱባት" አሉ።

ሃ ሃ ሃ! ይድረሱባት! ይታይሽ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ።

ምን ልትጠይቂኝ ነው ትግስት? ደረሱባት ወይ? እንዴት ብለው! እኔ ኮሌጅ ስዛወር ቡድኔ ውስጥ መጀመሪያ የጻፍኳቸው ሁለት ስሞች ይታይሽና ዘሃራ ናቸው፤ አንድ ክፍል ነበር የሚያድሩት። በቅዳሜ ልምምድ ላይ ይታይሽ በር ጋ ስትቆም ዘሃራ ቆማ ትጠብቃታለች፣ እስከ አምስት እየቆጠረች። ስድስት ካለች ግን ትታት ትሄዳለች።

"ለካ እርስዎ እኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንቆም ሰዓትዎን የሚያወጡት ለዚህ ነው ጋሼ?"

ለዚህ ነው ትግስት ልጄ። አንቺ ባለፈው እሑድ ዘጠኝ ፈጅተሻል።